ወርቃማው ሦስት ማዕዘን፦ ኦፒየም ይበቅልባቸው የነበሩትን ተራሮች ለሚጎበኝ ሰው

በታይላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ሶፕ ሩዋክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቀጭኑ የሩዋክ ወንዝ ከታላቁ ሜኮንግ ጋር የሚቀላቀለው እዚያ ነው። ከመንደሯ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ የቆመ ሰው በግራው ምያንማርን፣ በቀኙ ላኦስን ይመለከታል፤ እግሩ የረገጠው ታይላንድን ነው። ወንዙ ዳር በመርከብ ቅርጽ በተሠራ መድረክ ላይ ትልቅ ወርቅማ የቡድሃ ሐውልት ተቀምጧል። ጎብኚዎች የቦታው ስም በተጻፈበት ቅስት ሥር ፎቶ ይነሣሉ፣ በጀልባ አንድ ዙር ይዞራሉ፣ ካናቴራ ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ።

ይሁንና አካባቢውን ያስጠራው አደንዛዡ ኦፒየም የወንዝ ዳር ሰብል አልነበረም። ሸለቆው ሞቃት ቆላ ነው፤ ተክሉ የሚፈልገው ደግሞ ደጋ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶው ያለበትን ቦታ አይቶ ነገሩ የተፈጸመበትን ቦታ ሳያይ ስለሚመለስ፣ ይህ ማብራሪያ ከወንዙ ይልቅ ተራሮቹ ላይ ብዙ ይቆያል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙም ቢሆን ከውጭ የመጣ ነው። በሐምሌ 1971 ማርሻል ግሪን የተባሉ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ባርማን (የዛሬዋን ምያንማር)፣ ላኦስንና ታይላንድን በአንድ ጠቅልለው «ወርቃማው ሦስት ማዕዘን» አሏቸው። ሦስት ማዕዘን ሲባል አራተኛዋ ጎረቤት ቻይና ከሥዕሉ ውጭ ሆነች ማለት ነው፤ በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቻይናን እንደሚጎበኙ ለዓለም አስታወቁ። ታይላንድ በኋላ ይህንኑ የውንጀላ ስም ለቱሪስት መሳቢያ አደረገችው።

ስለ አካባቢው የሚነገረው የተለመደ ታሪክ አጭር ነው፦ ድሮ ኦፒየም ነበረ፣ ንጉሡ ቡናና ፍራፍሬ አስተከሉ፣ ኦፒየም ጠፋ። ከዚህ ውስጥ ውሸት የሚባል የለም፤ የጎደለው ግን ብዙ ነው። ገበሬው ለምን ኦፒየምን እንደመረጠ ያልተረዳ ሰው ለምን እንደተወውም አይገባውም።

አሥር ኪሎ ከአንድ ሄክታር

ሞንግ፣ ሚየን፣ ላሁ፣ ሊሱና አካ የሚባሉት ሕዝቦች አብዛኞቹ ከደቡብ ቻይና ተነሥተው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ወደነዚህ ተራሮች የመጡ ናቸው። ሜዳውን የሩዝ ገበሬዎች ቀድመው ይዘውታል፤ ለመጤዎቹ የቀረው ተዳፋቱ ነበር። ጫካ መንጥረው ያቃጥላሉ፣ ጥቂት ዓመት ያርሳሉ፣ መሬቱ ሲደክም ወደ ሌላ ተራራ ይሻገራሉ። የደጋ ሩዛቸው ከዓመት ዓመት አያደርሳቸውም ነበር። የጎደለውን መግዛት አለባቸው፤ ለመግዛት ደግሞ የሚሸጥ ነገር ያስፈልጋል።

ኦፒየም ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። በመስከረምና በጥቅምት፣ በቆሎው ሲሰበሰብ፣ እዚያው የበቆሎ ማሳ ላይ ይዘራል፤ አንዱ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ያፈራል ማለት ነው። ከጥር ጀምሮ አበባው ረግፎ ክብ ፍሬው ብቻ ሲቀር አጨዳው ይጀመራል። ከሰዓት በኋላ ሦስት ወይም አራት ስለት ጎን ለጎን በታሰሩበት ትንሽ ቢላ ፍሬው ይበጣል። ነጭ ወተት ይወጣል፤ ሌሊቱን ረግቶ ቡናማ ይሆናል፤ በማግስቱ ጠዋት በጠፍጣፋ ብረት ይፋቃል። ያው ፍሬ ከቀናት በኋላ እንደገና ይበጣል። ወገብ የሚቆርጥ፣ መላውን ቤተሰብ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ በዚህ ሁሉ ድካም በዚያን ጊዜ ከአንድ ሄክታር ይገኝ የነበረው አሥር ኪሎ ገደማ ነው።

አሥር ኪሎ መሆኑ ግን ለገበሬው ጥቅም ነበር። መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ አንድ ሄክታር ሙሉ ጎመን ያመረተ ሰው ገበያ ሳይደርስ ጎመኑ ይበሰብሳል። የዓመቱን ኦፒየም ግን አንድ ሰው በጀርባው ይዞት ሊወርድ ይችላል። መውረድም አያስፈልገውም፤ ከደቡብ ቻይናዋ ዩናን የመጡት ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ፣ ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ፣ በሚመጣው ምርት ላይ ብድር ይሰጣሉ። ያልተሸጠው ኦፒየም ሳይበላሽ ለዓመታት ይቀመጣል። ልጅ ሲዳር፣ ሩዝ ሲያልቅ፣ ሰው ሲታመም ትንሽ ቆርሶ መሸጥ ነው። ሐኪም ቤት በሌለበት አገር ሳልን፣ ተቅማጥንና ሕመምን የሚያስታግሰውም እርሱ ነበር። ሱሰኞቹም ከውጭ አልመጡም፤ መጀመሪያ ለሕመም የቀመሱ የቤቱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እየቆየ ሠርቶ አዳሪው ጎልማሳም ተጨመረ።

ይህን ስሌት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። የሐረርጌ ገበሬ ስመ ጥሩውን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ዋጋው ይሻላል፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፣ ገዢው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ጫት በሕግም በጠባይም ከኦፒየም ጋር የሚመደብ አይደለም። በአንድ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጫት ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት የሚስፋፋው መንገድና ፈጣን መኪና ባለበት ነው፤ ኦፒየም ግን የሚመቸው መንገድ የሌለበት አገር ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ኦፒየም ከታይላንድ እንዴት እንደወጣ ለመረዳት ቁልፉ እርሱ ነው።

ገዢዎቹ እነማን ነበሩ

ዛሬ በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ጥብቅ የሆነው የታይላንድ መንግሥት ከ1852 ጀምሮ ለመቶ ዓመታት ያህል ራሱ የኦፒየም ንግድ ባለቤት ነበር። ንጉሥ ሞንግኩት ፈቃድ ሰጥተው ግብሩን ይሰበስቡ ነበር፤ ተከታዮቻቸውም እንዲሁ። በኢንዶቻይና የፈረንሳይ ቅኝ ገዢዎችም የራሳቸው የኦፒየም ሞኖፖል ነበራቸው። የማጨሻ ቤቶቹ በይፋ የሚሠሩ፣ ግብር የሚከፍሉ ቤቶች ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊልድ ማርሻል ሳሪት ታናራት ንግዱን በ1959 ሲዘጉት በባንኮክ አደባባይ በሺህ የሚቆጠሩ ማጨሻዎች ተቃጠሉ።

በዚያው አሥር ዓመት ከሰሜን ሌላ ኃይል መጥቶ ነበር። በ1949 በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት የኮሚኒስቶቹ መሪ ማኦ ዜዱንግ ሲያሸንፉ፣ የተሸነፉት የብሔርተኞቹ መሪ የቺያንግ ካይ ሼክ ወታደሮች አብዛኞቹ ወደ ታይዋን ሲሻገሩ ዩናን ውስጥ የነበሩት ወደ ባርማ ገቡ። በአሜሪካ የስለላ ድርጅት እርዳታ ዩናንን መልሰው ለመያዝ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከባርማም ተገፉ፤ ከፊሎቹ በ1961 ገደማ ወደ ታይላንድ ተሻግረው ሜ ሳሎንግ በተባለ ተራራ ላይ ሰፈሩ። አዛዣቸው ጄኔራል ቱዋን ሺ-ዌን ነበሩ። በ1967 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲናገሩ ነገሩን አልሸሸጉትም፦ ለመዋጋት ጦር ያስፈልጋል፣ ለጦር መሣሪያ ያስፈልጋል፣ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ያለው ገንዘብ ደግሞ ኦፒየም ብቻ ነው።

የዚያኑ ዓመት የሆነው ነገር ከሶፕ ሩዋክ ብዙም ሳይርቅ በላኦስ በኩል ስለተፈጸመ ጎብኚው ሊያውቀው ይገባል። ከቻይናዊ አባትና ከባርማው የሻን ሕዝብ ከሆነች እናት የተወለደው ኩን ሳ፣ ያን ጊዜ ገና ብቅ የሚል የጦር አለቃ ነበር። 16 ቶን ያህል ኦፒየም በበቅሎ አስጭኖ ከባርማ ወደ ላኦስ ላከ። ቻይናውያኑ ጄኔራሎች ግብር ሳይከፈላቸው ማለፉን እንደ ድፍረት ቆጥረው ተከታተሉት። ሁለቱ ወገኖች ባን ክዋን በተባለች የሜኮንግ ዳር መንደር ተጋጠሙ። ኦፒየሙን ለመግዛት ይጠብቁ የነበሩት የላኦስ ጦር ጄኔራል ኡዋን ራቲኮን ነበሩ። ጄኔራሉ አውሮፕላን ልከው ሁለቱንም ወገን አስደበደቡና ኦፒየሙን ያለ ዋጋ ወሰዱት። የአንድ አገር ጦር ኃይል በመንግሥት አውሮፕላን ለግል ጭነት ሲዋጋ ማየት እንግዳ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን በዚያ ድንበር ግን ጦር፣ መንግሥትና ነጋዴ የሚለያዩበት መስመር አልነበረም።

ኦፒየም ሲቀቀልና ሲጣራ ሞርፊን ይሆናል፤ ሞርፊን በኬሚካል ሲታከም ሄሮይን። ከአሥር ኪሎ ኦፒየም አንድ ኪሎ ያህል ሄሮይን ይወጣል። ማጣሪያዎቹ በዚሁ ድንበር ላይ ተከፈቱ፤ በ1970 እና በ1971 ነጩ ዱቄት ቬትናም ያሉትን የአሜሪካ ወታደሮች አዳረሰ። ዋሽንግተን ድንገት ስለነዚህ ተራሮች መጨነቅ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው፤ ስሙም የወጣው በዚያን ሰሞን መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ኩን ሳ ግን ከሽንፈቱ ተነሣ። በታይላንድ መሬት ባን ሂን ቴክ በተባለ መንደር ሰፍሮ ለዓመታት ኖረ፤ በጥር 1982 የታይላንድ ጦር በከባድ ውጊያ አስወጣው። ወደ ባርማዋ ሻን ግዛት ተሻግሮ የዓለም ዋነኛ የሄሮይን ነጋዴ ተባለ፤ አሜሪካ 2 ሚሊዮን ዶላር በራሱ ላይ አስቀመጠች። በ1996 ለባርማ መንግሥት እጁን ሰጠ። ለአሜሪካ ተላልፎ አልተሰጠም፤ በ2007 ያንጎን ውስጥ በሰላም ሞተ። ሰፍሮበት የነበረው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

ኦፒየሙ እንዴት ወጣ

ከ1959ኙ እገዳ በኋላ ምን ሆነ? በደጋው ላይ ምንም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተደረገ ጥናት በታይላንድ ከ17,000 ሄክታር በላይ በኦፒየም የተሸፈነ መሬት ገምቷል። ሕጉ ባንኮክ ውስጥ ነበር፣ ገበሬው ተራራ ላይ፤ በመካከላቸው መንገድ አልነበረም።

ለውጡ የተጀመረው በ1969 ነው። ስለ አጀማመሩ ደጋግሞ የሚተረክ ታሪክ አለ። ንጉሥ ቡሚቦል ከቺያንግ ማይ በላይ ያለ የሞንግ መንደር ሲጎበኙ፣ ገበሬዎቹ ከአገሬው ኮክ ሽያጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከኦፒየም ከሚያገኙት እንደማያንስ ሰሙ። ትንሹ የአገሬ ኮክ ይህን ያህል ካስገኘ፣ ትልቅና ጣፋጭ ዝርያ ተዳቅሎ ቢተከልስ? የንጉሡ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ጣቢያ በአንግ ካንግ የተከፈተው በዚህ ሐሳብ ነው። ከኮክ ወደ ስትሮቤሪ፣ ወደ ባቄላ፣ ወደ ጎመን፣ ወደ አበባ፣ ወደ ቡና ተስፋፋ። የተባበሩት መንግሥታትና የውጭ ለጋሾችም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ገቡበት።

ታሪኩ ውብ ነው፤ ዋናው ትምህርት ያለው ግን በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ ይመስለኛል። ፕሮጀክቱ በ1969 ተጀመረ፤ መንግሥት ማሳዎችን በስፋት ማውደም የጀመረው ግን በ1984 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰብል እየተተከለ ኦፒየሙም እዚያው ጎን ሲበቅል ዝም ተባለ። ለዝምታው አንዱ ምክንያት ደግነት፣ ሌላው ፍርሃት ነበር፤ በተራሮቹ ላይ የኮሚኒስት አማፅያን ነበሩና ማሳው የወደመበት ገበሬ ወደነርሱ እንዳይገባ መንግሥት ይሰጋ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ቡና ተተክሎ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ኦፒየሙን የነቀሉበት ሰው እስከ አራተኛው ዓመት ምን ይበላል? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ማሳ ያወደሙ አገሮች ብዙ ጊዜ ኦፒየሙ ተመልሶ ሲበቅል አይተዋል።

ሁለተኛው ነገር መንገድ ነው። መንገዱ የተሠራው ለጎመን ጫኝ መኪና ብቻ አልነበረም፤ አማፅያንን ለሚያሳድድ ወታደርም ነበር። ዛሬ ጎብኚው የሚደሰትባቸው ጠመዝማዛ የተራራ አስፋልቶች ብዙዎቹ የጦርነት ልጆች ናቸው። ግን መኪና በደረሰበት ቀን የኦፒየም ትልቁ ብልጫ ጠፋ። የሚበሰብስ ነገርም ገበያ መድረስ ቻለ፤ ከነጋዴውም ጋር ፖሊስ ደረሰ።

ሦስተኛው ዜግነት ነው፤ ይህን ብዙ ጎብኚ አይጠረጥርም። የደጋው ሰዎች አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ የታይላንድ መታወቂያ አልነበራቸውም። መታወቂያ የሌለው ሰው መሬት በስሙ አያስመዘግብም፣ ከባንክ አይበደርም፣ ከክፍለ ሀገሩ ያለ ፈቃድ አይወጣም። ለአሥር ዓመት የሚቆይ ዛፍ ተከል ሲባል፣ መሬቱ ነገ የእርሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለውም። ችግሩ ዛሬም አላለቀም። በ2018 ሜ ሳይ አቅራቢያ በታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ በጎርፍ ተዘግቶባቸው ዓለም ሁሉ የተጨነቀላቸው አሥራ ሁለት ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ይታወሱ ይሆናል። ከእነርሱ ሦስቱና አሠልጣኛቸው አገር አልባ ነበሩ፤ ዜግነት ያገኙት ከዋሻው ከወጡ በኋላ በነሐሴ ወር ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በአንድ ቦታ ሊታይ ከተፈለገ ዶይ ቱንግ ነው። የንጉሡ እናት ስሪናጋሪንድራ በ1988፣ በ87 ዓመታቸው፣ ይህን የተራቆተ ተራራ ለማልማት ተነሡ። ፕሮጀክቱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለመንደሮቹ ሰዎች በቀን ሒሳብ እየከፈለ ዛፍ ማስተከል ነበር፤ ቡናው እስኪደርስ የሚበሉት ከዚያ ተገኘ። ሱሰኞች ታከሙ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ቡናና ማካዳሚያ፣ ሽመናና ሸክላ ሥራ መጣ። ልዩነቱ ፍሬውን ጥሬውን ከመሸጥ ይልቅ እዚያው ቆልቶ፣ አሽጎ፣ በራሱ ስምና በራሱ ቡና ቤቶች መሸጡ ነው። እናትየው በ1995 አረፉ፤ ከስዊስ ጎጆና ከሰሜን ታይላንድ ቤት የተቀየጠው እንጨት ቤታቸውና የአበባ ማሳቸው ለጎብኚ ክፍት ናቸው።

የተተከለው ቡና አረቢካ ነው፤ የትውልድ አገሩ የእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑን መንገር አያስፈልግም። አረቢካ የሚወደው ከፍታ ኦፒየም የሚወደውን ከፍታ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ከይርጋ ጨፌ ጋር ላወዳድረው አልሻም። ነገር ግን በዶይ ቱንግና በአካዎቹ መንደር በዶይ ቻንግ ገበሬው ከመጨረሻው ዋጋ ላይ የሚደርሰውን ድርሻ ለማሳደግ የተደረገው ጥረት እኛ አገርም ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል።

በ2000ዎቹ የታይላንድ የኦፒየም መሬት ወደ ጥቂት መቶ ሄክታር ወረደ። ይህ ከባድ ስኬት ነው፤ ንጹሕ ስኬት ግን አይደለም። ጎመኑና ስትሮቤሪው የፀረ ተባይ መርዝ ወደ ምንጮቹ አመጣ፤ ከታች ያሉ ገበሬዎችም ውኃችን ተበከለ እያሉ ከደገኞቹ ጋር ተጋጩ። ለዘመናት ሰው ሲያርሰው የኖረ ብዙ መሬት ጥብቅ ደን ተብሎ ታወጀና አራሾቹ በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ሰፋሪ ሆኑ። በ2003 ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ በአደንዛዥ ዕፅ ላይ «ጦርነት» ሲያውጁ በሦስት ወር ከ2,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹ መካከል ከንግዱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ብዙዎች እንደነበሩ በኋላ ተጣርቷል። ለጎብኚ በሚታደሉት በራሪ ጽሑፎች ላይ ይህ ምዕራፍ የለም።

ከወንዙ ማዶ

ንግዱስ? ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ በ2023 ባወጣው ጥናት ምያንማር ከአፍጋኒስታን በልጣ የዓለም አንደኛ የኦፒየም አምራች ሆናለች፤ 47,100 ሄክታር፣ 1,080 ቶን ያህል። ታሊባን በ2022 ስላገደው የአፍጋኒስታን ምርት 95 በመቶ ወርዶ ነበር። በምያንማር ደግሞ ከ2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ጦርነቱ ተስፋፋ፤ ለገበሬው በኪሎ ይከፈል የነበረው ዋጋ ወደ 355 ዶላር ከፍ አለ። የሻን ግዛት ገበሬ ዛሬ ያለበት ቦታ የታይላንዱ ገበሬ ከስልሳ ዓመት በፊት የነበረበት ነው፦ መንገድ የለም፣ ሰላም የለም፣ ገዢው ግን ደጁ ላይ ነው።

ከኦፒየምም የባሰ ነገር መጥቷል። ያ ባ የሚባለው የሜታምፌታሚንና የካፌን ክኒን ዝናብ አይፈልግም፣ ደጋ አይፈልግም፣ ገበሬም አይፈልግም። ኬሚካል፣ ጄነሬተርና የታጣቂ ጥበቃ ይበቃዋል። በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያ በ2023 ብቻ 190 ቶን ሜታምፌታሚን ተይዟል፤ አብዛኛው ከሻን ግዛት የወጣ ነው። የኮክ ዛፍ ለዚህ መልስ አይሆንም፤ የሚተካ ሰብል የለምና።

ከሶፕ ሩዋክ ኮረብታ ላይ በላኦስ በኩል የሚታየው ባለ ወርቅ ጉልላት ሕንፃም የዚህ አዲሱ ዘመን ነው። በ2007 ለ99 ዓመት በተሰጠ የኪራይ ውል የተቋቋመ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ነው፤ ካዚኖው የእርሱ ነው። የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር በጥር 2018 ባለቤቱን ዣው ዌይን በአደንዛዥ ዕፅ፣ በሰውና በአራዊት ዝውውር ከስሶ ማዕቀብ ጥሎበታል። በነሐሴ 2024 የላኦስ ፖሊስ በቀጠናው ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበር የተሰማሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሰረ።

እዚህ ላይ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ቤታችን ይመጣል። ከወርቃማው ሦስት ማዕዘን በስተደቡብ ምዕራብ ርቆ፣ ሜ ሶት ከተባለችው የታይላንድ ከተማ ማዶ፣ በምያንማር ምያዋዲ አካባቢ እንዲህ ያሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች አሉ። በየካቲት 2025 ከነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ከ260 በላይ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ታይላንድ ውስጥ የቢሮ ሥራ አለ ተብለው፣ በቱሪስት ቪዛ ባንኮክ ያረፉ ወጣቶች ናቸው። መኪናው ከባንኮክ ወጥቶ ሰዓታት ሲነዳ፣ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ያን ጊዜ ገባቸው። ስለዚህ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ሊነገር የሚገባው ነገር ቀላል ነው፦ «ሥራው ታይላንድ ነው» ተብሎ መንገዱ ወደ ሜ ሶት፣ ወደ ሜ ሳይ ወይም ወደ ቺያንግ ሴን ድንበር ካቀና፣ ከመኪናው መውረጃው ጊዜ ያ ነው።

ለመሄድ ላሰበ

ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ይህን ሰምቶ መቅረት የለበትም፤ በታይላንድ በኩል ያለው የቺያንግ ራይ ክፍለ ሀገር ለጎብኚ የተረጋጋ ነው። ከአዲስ አበባ ባንኮክ በቀጥታ ይበረራል፤ ከባንኮክ ቺያንግ ራይ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ በረራ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ የቪዛው ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሣት በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ይሻላል።

ወቅቱን መምረጥ ከሁሉም ይቀድማል። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠዋት ሸለቆው በጉም ይሞላና ተራሮቹ ብቻ ይታያሉ። ለሌሊቱ ሹራብ ያስፈልጋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ግን ማሳና ደን ስለሚቃጠል ጭሱ ተራሮቹን ይሸፍናል፤ አየሩ ለጤናም መጥፎ ነው። በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው ያወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል።

በሶፕ ሩዋክ አጠገብ የሚገኘውን የኦፒየም ሙዚየም ተራሮቹን ከማየታችሁ በፊት እዩት። ሜ ፋ ሉዋንግ የተባለው የዶይ ቱንግ ድርጅት ያሠራው ነው። መግቢያው ከ130 ሜትር በላይ የሚረዝም ጨለማ ዋሻ ነው፤ ከዚያ የቻይና የኦፒየም ጦርነቶች፣ የሞኖፖሉ ዘመን፣ የእንስሳ ቅርጽ ያላቸው የነሐስ ሚዛን ድንጋዮች፣ የሱሰኞች ሕይወት ይከተላል። ግማሽ ቀን ስጡት። መንደሩ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ትንሽ የግል ሙዚየምም ስላለ እንዳትሳሳቱ።

ከዚያ ወደ ዶይ ቱንግ፣ ቀጥሎ ወደ ሜ ሳሎንግ። ሜ ሳሎንግ ዛሬ የሻይ ተራራ ነው፤ ከታይዋን የመጣ የኡሎንግ ሻይ በየተዳፋቱ በረድፍ ተተክሏል። የቀድሞዎቹ ወታደሮች የታይላንድን ኮሚኒስቶች ስለተዋጉ ዜግነት አገኙ፤ መንደሩም «የሰላም ኮረብታ» የሚል የታይ ስም ወጣለት። የጄኔራል ቱዋን መቃብር ከመንደሩ በላይ ነው። ጠዋት በገበያው የዩናን ሾርባ ከፓስታ ጋር ይበላል፤ የአካ ሴቶች ብር በተለጠፈበት ቆባቸው አትክልት ይሸጣሉ። ፎቶ ከማንሣት በፊት አስፈቅዱ። አንገታቸውን በነሐስ ቀለበት ያስረዘሙ የካያን ሴቶች ለትርዒት የሚቀመጡባቸው መንደሮች ግን፣ ለእኔ፣ መግቢያ ሊከፈልባቸው የማይገቡ ናቸው፤ ሴቶቹ ከምያንማር የተሰደዱ ሲሆኑ፣ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ ተከልክለው እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2008 ተቃውሞ አሰምቶበታል።

በእግር ጉዞ ላይ ኦፒየም ላቅምሳችሁ የሚል አስጎብኚ ቢያጋጥም መልሱ አንድ ነው፤ ሕጉ በውጭ አገር ሰው ላይ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ካናቢስ በ2022 ከተከለከሉት ዝርዝር ቢወጣም ከሰኔ 2025 ወዲህ አበባው ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ከአገር ይዞ መውጣት ደግሞ ወንጀል ነው። የማታውቁትን ሰው ዕቃ አትያዙ።

ሜ ሳይ ላይ ወደ ምያንማሯ ታቺሌክ የሚያሻግረው ድልድይ እንደ ፖለቲካው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጉዟችሁን በእርሱ ላይ አታንጠልጥሉ። ከሜ ሳይ ወደ ቺያንግ ራይ በሚወስደው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የጦርና የፖሊስ ፍተሻ አለ፤ የሚፈለገው ያ ባ ነው፤ አውቶቡስም ሚኒባስም ይቆማል። ፓስፖርታችሁን ሆቴል አትተዉ፤ ወደ አየር ማረፊያ የምትሄዱ ከሆነም ለፍተሻው ግማሽ ሰዓት ጨምራችሁ ተነሡ።